ገለምሶ ላይ «አሚን» ያልኩበት ቀን

ከአዲስ አበባ በማለዳ የተነሳሁት አንድ ሽማግሌ ይዤ ለመመለስ ነበር። ባሕር ኃይሉ እንደገና ሲደራጅ የሥልጠናና የአስተዳደር ደንብ የሚያረቅ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ባሕር አይቼ ሳላውቅ ስለ መርከበኛ መጻፌ ለራሴም ያስቀኛል። መርከበኛ ያሠለጠነ ሰው ስናፈላልግ ነው ካፕቴን ጀማል ገለምሶ እንዳሉ የሰማነው።

ሚኤሶ

ሙቀቱ አይጣል ነው። ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ማሽላው ዘንድሮም በቁሙ ደርቋል። የግመል ወተት የሸጠችልኝ ሴት ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝና «እዚያስ ዝናብ አለ» አለች። አንጀቴን በላችው።

ጭሮ

«አሰበ ተፈሪ ደረስን?» ብል የሚኒባሱ ረዳት «ጭሮ በል» ብሎ አረመኝ። ፉል በልቼ ሌላ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ተራራውን ይዞ ይጠማዘዛል። የጫት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ በመጣ ቁጥር ሾፌሩ ጥግ ይይዛል፣ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ገለምሶ

ካፕቴን ጀማል ከባሕር ኃይል ከወጡ በኋላ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ቡና ያለማሉ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጫት ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። መልእክቴን በጥሞና ሰሙ።

«የመጨረሻ ሥራዬ ምን እንደነበር ነግረውሃል?»

«አልነገሩኝም።»

«ሰላም ሆኗል፣ ጦሩ ይቀነስ ተባለ። የቅነሳው ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። ያሠለጠንኳቸውን ልጆቼን አንድ በአንድ እየጠራሁ አሰናበትኩ። ከባሕር ሌላ ሙያ የላቸውም፤ የት ይሂዱ? አንዱን ሚኤሶ ጎማ ሲነፋ አገኘሁት። ተነስቶ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኝ። ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።»

ቀጠሉ። «እመጣለሁ። ግን መጀመሪያ ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባልኝ፤ መርከበኛ የሚሰናበተው ሌላ ሙያ ከተማረ በኋላ ይሁን።»

«አቀርበዋለሁ፣ ካፕቴን።»

«እንግዲያው ዱዓ እናድርግበት።»

እዚህ አገር ትልቅ ነገር ያለ ዱዓ አይጀመርም። ጎረቤቶቹ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ክርስቲያን ብሆንም እኔም ዘረጋሁ። እሳቸው መረቁ፣ ሁላችንም «አሚን» አልን።

አዲስ አበባ

ኮሚቴው አንቀጹን ሰረዘው። «ገና ሳይቀጠር ስለ ስንብት?» ብለው ሳቁ። ደጋግሜ ተከራከርኩ፣ የሰማኝ የለም። በማግስቱ ለካፕቴን ጀማል ስልክ ደወልኩ።

«ካፕቴን፣ አንቀጹ አልገባም።»

«አንተን አልቀየምም፣ ልጄ» አሉ። «ግን አልመጣም።»

«እርስዎ ከሌሉ ማን ያሠለጥናቸዋል?»

«የሚያሠለጥን አይጠፋም። እኔ ግን ልጆች ሁለት ጊዜ አልበትንም።»

ደንቡ ጸድቋል። መርከበኛው እንዴት እንደሚገባ በዝርዝር ተጽፏል፤ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድ መስመር የለም። ወደ ገለምሶ ባልሄድ ኖሮ መጉደሉንም ባላወቅኩ ነበር። አሁን ምልምሎቹ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው እየሳቁ ፎቶ ሲነሱ ሳይ፣ እንደ ሰው መደሰት አቃተኝ።