ብስክሌትም ተሽከርካሪ ነው

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ባሕር ዳር መኖር አልሆነልኝም። ዝውውር ጠየቅኩ፤ ቦንጋ ደረሰኝ። ብስክሌቴን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ መጣሁ። ባሕር ዳር ብስክሌት የሚነዳን ሰው ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ቦንጋ ግን ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ሰዉ በሞተርና በባጃጅ ነው የሚሄደው። "ሞተር ቢገዙ አይሻልም?" ይሉኝ ነበር የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ። እኔ ግን ከሥራ በኋላ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ካልነዳሁ ባዶ ቤት መግባት ያቅተኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያካፋል። የመንገዱን ቀኝ ዳር ይዤ ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ ሚኒባስ ሊቀድመኝ ሲል በጎኑ ገፋኝና ከነብስክሌቴ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ልነሳ ስል ግራ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሰው ተሰበሰበ። የሚያወሩት በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ነው፤ ከሰላምታ በቀር ስለማላውቅ ይዘኑልኝ ይሳቁብኝ አልለየሁም።

አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ መጣ። መጀመሪያ ከሾፌሩ ጋር ተጨባበጠ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን ሊያደርግልዎት ብስክሌት ይነዳሉ? መንገዱ እኮ የመኪና ነው" አለኝ።

"ብስክሌትም በሕግ ተሽከርካሪ ነው። ሲቀድመኝ ርቀቱን ሊጠብቅ ይገባ ነበር።"

"ይሄን ደግሞ ማን ነገርዎት?"

ኮረሪማ ይዛ ገበያ የምትወርድ አንዲት ሴት ከሰዉ መሃል ወጣች። "እኔ አይቻለሁ። እሱ ዳር ነበረ። መኪና ነው የመታው" አለች በተሰባበረ አማርኛ። ፖሊሱ ቃሏን ሳይቀበል ሾፌሩን አሰናበተው።

ሆስፒታል እጄን ጄሶ ሲያደርጉልኝ ነርሷ፣ "አስታማሚዎ የት አሉ?" አለችኝ።

"ውጭ እየጠበቀኝ ነው" አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ኃላፊው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ "እውነቱን ልንገርዎት፤ ስልጠና ላይም ሆነ ስብሰባ ላይ ስለ ብስክሌት ተነስቶ አያውቅም። እዚህ ባለ ብስክሌት የለማ" አሉ።

"እኔ አለሁ" አልኳቸው።

ወጣቱን ፖሊስ አስጠሩት። ሴትየዋ ተፈልጋ በአስተርጓሚ ቃሏን ሰጠች፤ ሾፌሩም ጥፋተኛ ተብሎ ተቀጣ። ኃላፊው አንድ ጠዋት ለፖሊሶቹ ስለ ብስክሌት ነጂ መብት እንድናገር ጋበዙኝ። የማውቀውን ተናገርኩ። አንዱ እጁን አውጥቶ፣ "ለመሆኑ ከተማው ውስጥ ስንት ብስክሌት ነጂ አለ?" ሲል ሁሉም እኔን እያዩ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እጄ ሲድን መንዳት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ያ ወጣት ፖሊስ መታጠፊያው ላይ ቆሟል። ባጃጆቹን በእጁ አስቁሞ፣ "ይለፉ ጋሼ" አለኝ። እንባዬ መጣ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንኩትና አለፍኩ።

ቤት ገብቼ መብራት አበራሁ። የምነግረው ሰው ስላልነበረ ጎማውን በጨርቅ ስወለውል ቆየሁ።