የታጠነው ባልዲ

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ደሴ ሄጄ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ አጠገቤ የነበረ ሰውዬ ከውጭ የመጣ ቢራ አስከፈተ። ገና ወደ ብርጭቆው ሲቀዳ ሽታው መጣ። መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከሥሩ አሁን የታጨደ ሣር፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው መራራ ነገር። የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩት። ሰውዬው አፍጥጬ ሲያየኝ የፈለግኩ መስሎት "ላስመጣልሽ?" አለኝ። እኔ ግን ልቤ ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ግቢ ገብቶ ነበር።

እናቴ ጠላ ጠማቂ ነበረች። ዝም ብላ ጠላ የምትሸጥ ሴት እንዳትመስላችሁ። ከውጫሌ ገበያ የሚመለሱ ነጋዴዎች እንኳ እሷ ቤት አንድ ጣሳ ሳይሉ አያልፉም ነበር። ሙያዋ ሁሉ ያለው አፍንጫዋ ላይ ነው። ብቅል ስትገዛ ከጆንያው እፍኝ አንሥታ ታሸትታለች፤ "ይሄ ዝናብ ነክቶታል" ካለች ነክቶታል ማለት ነው። ገብስ የምቆላው እኔ ስሆን፣ እሷ ደጅ ቆማ ከሰው ጋር እያወራች "አውርጅው! ሊያርብሽ ነው!" ብላ ትጮህብኛለች። ሮጬ ሳየው ልክ ናት። ከአጥር ወዲያ ያለችው ሙስሊም ጎረቤታችን ጠላ ባትቀምስም፣ ለዒድ የማያሰክረውን የገብስ መጠጥ፣ ቀሪቦ ስታዘጋጅ የቆላችውን ገብስ በአጥሩ ቀዳዳ እያቀበለች "እስኪ አሽትችልኝ፣ በቅቶታል?" ትላት ነበር። እኔንና ታላቅ ወንድሜን ያሳደገችን በዚያ አፍንጫ ነው።

ከዚያ ያ አገር ምድሩን ያዳረሰ፣ ሰውን ሁሉ ጭምብል ያስለበሰ ሕመም እኛም ቤት ገባ። እናቴ ተኝታ ተነሣች፣ ተመስገን አልን። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ጠላው አልሆን አለ። አንዴ ገብሱ ያርራል፣ አንዴ ጠላው ይሆመጥጣል። ደንበኞቻችን ጣሳውን ሳይጨርሱ መነሣት ጀመሩ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ፊት ለፊት መናገር ነውር ይመስለዋል፤ "ዛሬ ሆዴን ትንሽ አሞኝ ነው" ብሎ፣ መርቆ ይወጣና በዚያው ይቀራል። እናቴ ጥፋቱን በዘንድሮ ጌሾ ላይ ጣለች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ልጅ ነበርኩና አመንኳት፤ ጌሾ ሻጮቹን አብሬያት እረግም ነበር።

ወንድሜ የመጣው በዚህ መሀል ነው። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። ከአገር የሚወጣ አንድ ፈረንጅ ደንበኛው ዕቃውን ሲያከፋፍል፣ ቤት ውስጥ ቢራ የሚጠመቅበት ዕቃ ያለበትን ካርቶን ሰጥቶት ኖሯል። በቆርቆሮ የታሸገ፣ ማር የመሰለ ጥቁር የብቅል ጭማቂ አለው። እርሾው በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሏል። ክዳንና ቧንቧ ያለው ነጭ የላስቲክ ባልዲም አለ። ወንድሜ እንደ ሙሽራ ጥሎሽ አንድ በአንድ እያወጣ ፊቷ ደረደረላት።

"ይሄ ደግሞ የፈረንጅ ጌሾ ነው እማየ፤ እስኪ አሽትችው" ብሎ አንድ ከረጢት ሰጣትና ወደ መመሪያው ወረቀት ዞረ።

ተቀብላ አፍንጫዋ ላይ አስጠጋችው። ዓይኗን ጨፈነች። "ውይ! እንዴት ያለ ነው እናንተ! ሲያውድ!" አለች።

እኔ ከረጢቱን እያየሁት ነበር። የላዩ ወረቀት ተቀዷል እንጂ የውስጡ ብርማ መጠቅለያ ገና አልተከፈተም። ታዲያ ምን ያሰብኩ ይመስላችኋል? የእናቴ አፍንጫ ብርማውን ዘልቆ ገባ ብዬ ኮራሁ።

ወንድሜ ወረቀቱን ይተረጉማል። "ዋናው ንጽሕና ነው ይላል። ባልዲው በደንብ ካልጸዳ ሁሉም ነገር ይበላሻል።"

"ለጽዳትማ እኔ አለሁ። እናንተ ጠርሙሳችሁን ፈልጉ" አለችን። በባጃጅ ባዶ ጠርሙስ ልንለቅም ወደ መሀል ከተማ ወጣን።

ስንመለስ ሽታው መንገድ ላይ ተቀበለን። ጉሮሮ የሚይዝ የላስቲክ ቃጠሎ ነው። ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ትጮሃለች፤ "ያ ረቢ! ኧረ ምንድን ነው የሚነደው? አንች፣ ቤት የለሽም ወይ?"

እናቴ ቤት ነበረች። ከቤቱ ጀርባ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ባልዲውን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ አጥባዋለች፤ ከዚያ እንደ ጋን ደፍታ፣ የወይራ ጭስ ላይ አስቀምጣዋለች። ለእሷ ያልታጠነ ዕቃ ንጹሕ አይደለም፤ የፈረንጁ ወረቀት "አጽዱ" ሲል ሌላ ምን ሊል ይችላል? የባልዲው አፍ እንደ ጧፍ ቀልጦ ፍሙ ላይ ይንጠባጠባል። ነፋሱ የሚወስደው ወደ አጥሩ ነው፣ እሷ ግን ከሁላችንም ትቀርበዋለች። ተረጋግታ፣ ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣ ጭሱ በደንብ እስኪገባበት ትጠብቃለች።

ወንድሜ ሮጦ ባልዲውን በእግሩ ገለበጠው። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እማየ፣ ላስቲክ ታጥኛለሽ? ደግሞ አገር ሲሸተው እንዴት አይሸትሽም?"

ለቀልድ ነው ያለው። እናቴ ግን ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፋ። "ሸቶኛል እንጂ። ትንሽ ይቆይ ብየ ነው" አለች፣ ማንንም ሳታይ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያልተከፈተው ከረጢት፣ ያረረው ገብስ፣ የተረገመው ጌሾ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። 

ጓዳ ተከትያት ስገባ ጋኖቹ መሀል ቆማለች። የእጄን አንጓ ያዘችኝ። "ለወንድምሽ እንዳትነግሪ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከዚያ ሕመም ወዲህ። ይመለሳል ብየ ነበር። ጠበሉንም ሞከርኩት። አሁን ምላሴ የሚያውቀው ጨውና መራራ ብቻ ነው ልጀ። ሌላው ሁሉ ውኃ ሆኗል።" አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ አባብላት ነበራ።

ባልዲው ስለተበላሸ ቢራውን በትንሹ ጋን ጠመቅነው። ወንድሜ እያነበበ፣ እናቴ እያማሰለች፣ ለእኔ ብቻ የከበደ ደስ የሚል ከሰዓት ነበር። ብርማው ሲከፈት ያ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ጓዳውን ሞላው። ወንድሜ "ይሄን ሽታ!" ባለ ቁጥር እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔ ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ። ወንድሜ የዕረፍት ፈቃዱ አልቆ ከሄደ በኋላ፣ እናቴ የጋኑን አፍ በማሽተት ፈንታ ጆሮዋን ሆዱ ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ አገኘኋት። "ያጉረመርማል፤ ደህና ነው" አለችኝ።

ሲደርስ ሁለታችን ቀመስነው። ወይራ ወይራ የሚል፣ ከጉሮሮ የማይወርድ መራራ ነው። እኔ ፊቴን አጨማደድኩ፣ እሷ ግን ጣሳዋን ጨለጠችው። "አገኘሁት! መራራውን አገኘሁት!" አለች። በዚያ ሰሞን ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ብቻ ነው። ከደንበኞቹ አንዱ ቀምሶ "ይሄ ለኮሶ ነው ለምን?" ሲል እንኳ ሳቋ አልጠፋም።

ወንድሜ ደውሎ ስለ ቢራው ሲጠይቃት "ሽታው ብቻውን ያሰክራል" አለችው። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች፤ "ምን ምን ይላል ነበር ያልሽኝ?"

ከዚያ በኋላ አፍንጫዋ እኔ ሆንኩ። ገብሱ ሲቆላ ምጣዱ ላይ አጎነብሳለሁ። "አሁን?" ትለኛለች። "ገና።" "አሁንስ?" እኔ በቃው ስል ወይ ጥሬ ነው፣ ወይ አርሯል። የጋኑን አፍ ከፍታ "ምን ምን ይላል?" ስትለኝ "ጠላ ጠላ ይላል" ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ባትቆጣኝም ተስፋዋ ከፊቷ እየወጣ ሲሄድ አየው ነበር። ምን ላድርግ? አፍንጫ አይዋሱት። ብዙም ሳይቆይ፣ ጠላ ቤት መሆናችንን ለመንገደኛ የሚያሳየውን በእንጨት የተሰቀለ ጣሳ ራሷ አወረደችው። ጋኖቹን ለጎረቤት አከፋፈለች። የጠየቃትን ሁሉ "ደከመኝ" ትለዋለች። ወንድሜም እስከ ዛሬ ደክሟት የተወችው ይመስለዋል።

ዓምና እኔ ወለድኩ። እናቴ ልታርሰኝ መጣች። ልጁ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ እቅፏ ውስጥ ሲገባ፣ እንደ ማንኛዋም አያት አናቱ ላይ አፍንጫዋን ደፋች። ረጅም ጊዜ ሳበች፣ እንደገና ሳበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ምን ይላል?"

አሸተትኩት። "ወተት ወተት ይላል እማየ። ቅቤ ቅቤም።"

"እሱማ የሁሉም ሕፃን ነው። የሱን ንገሪኝ።"

እንደገና አጎነበስኩ። የልጄ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከሺህ ሕፃናት መሀል ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፣ ቃል ፈለግኩ፣ አጣሁ። እንባዬ መጣ።

"ተይው በቃ፣ ተይው" አለችኝ። ልጁን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አፍንጫዋን አናቱ ላይ መለሰችና፣ እንቅልፍ እስኪወስደው እንደዚያው ቆየች።