ከዜሮ የሚቆጥር ማሽን

ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ሲቀጥል የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን እንደሚሠራ ማወቅ የፈለገ፣ የጋሽ ሽቦን ቤት ገብቶ ይይ። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ዛሬ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራው በዚሁ ነው። እዚያ ቤት ቁጥር ያልተለጠፈበት ዕቃ የለም። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ቁጥር፣ ቁልፎቹ ላይ ቁጥር፣ የስኳርና የጨው ጣሳዎች ላይ እንኳ በነጭ ፕላስተር ቁጥር አለ። አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ሚስቱ ግንባሩ ላይ «1» ብላ ለጥፋበት፣ ሳያውቅ እስከ ዳቦ ቤት ደርሶ ተመልሷል።

ሚስቱ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች አስተማሪ ነበረች። ልጆቹ የሚያነቡት የብሬል መጽሐፍ በበቂ ስላልነበረ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት የመማሪያ መጻሕፍቱን ድምፅዋን አውጥታ እያነበበች ቀዳችላቸው። የምትቀዳው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ልብሱን ወደ ጎን ገፍታ፣ ብርድ ልብስ ጋርዳ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ። ከአንድ ዓረፍተ ነገር በኋላ ቀጣዩን ወዲያው አትጀምርም፤ ልጆቹ በብሬል ማስታወሻ የሚይዙበት ፋታ ትሰጥ ነበር። ያቺን ፋታ በልቧ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ነበር የምትቆጥራት።

ከሁለት ዓመት በፊት አንገቷ ላይ የነበረውን እብጠት በቀዶ ጥገና አስወጣች። እሷ ዳነች፣ ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። የቀራት ሹክሹክታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥም አልገባችም፣ የቀዳችውንም መልሳ ሰምታ አታውቅም። ስልክም አታነሳም። የስልክ ሠራተኛ ሚስት ሆና፣ ስልክ ሲጮህ ክፍሉን ጥላ ትወጣለች።

ያ ሁሉ ንባብ ያለው ኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ሰርቨር ውስጥ ነው። ጋሽ ሽቦ ራሱ ከአሮጌ ኮምፒውተር ገጣጥሞ የሠራው ነው። አራት ዲስኮች አሉት፤ አንዱ ቢሞት ሦስቱ ተጋግዘው የሟቹን ድርሻ ያወጡታል፣ ሁለት ከሞቱ ግን ሁሉም ነገር ውሃ በላው ማለት ነው። ሚስቱ በየጊዜው «ሌላ ቦታ አንድ ቅጂ አስቀምጥ» ትለው ነበር። እሱ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ «እኔ እያለሁ?» ይላታል።

እንግዲህ ሰርቨሩ መጮህ የጀመረው ሐሙስ ጠዋት ነው። ቀኑን መርጦ የጮኸ ይመስል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ እሱም ዐይነ ስውር ነው፣ ሰኞ ዕለት ደውሎ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ተበላሽቷል፤ የልጆቹ ማዳመጫዎችም አዲስ ሊጫንባቸው ተብሎ ባዶ ተደርገዋል። አርባ ሦስት ተማሪዎች መጻሕፍቱን እስከ ቅዳሜ ይጠብቃሉ። ጋሽ ሽቦ «ቅዳሜ እጅህ ይገባል» ብሎታል።

ላፕቶፑን ከፍቶ ሲያይ «ዲስክ 2 ሊበላሽ ነው» ይላል። ቀጥ ብሎ ኮምፒውተር መደብር ሄደ። የመደብሩ ባለቤት ታውቀዋለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽንዎ እኮ እርስዎን አልፎ ጡረታ ወጥቷል» አለችው። ስድስት ዲስክ የሚይዝ፣ ሁለት ቢሞቱበት የማይደነግጥ አዲስ ሰርቨር ሰጠችው፤ ለአሮጌው ደግሞ እሱ ራሱ ካልገዛሁ ብሎ የተከራከረበትን አንድ መለዋወጫ ዲስክ። «አሮጌውን አይንኩት። መጀመሪያ እንዳለ ወደ አዲሱ ይገልብጡ።»

«ልጄ፣ በታመመ መስመር ሥራ አይሠራም» አላት። «መጀመሪያ መስመሩን ጠግን፣ ከዚያ ደውል።»

ሙያውን ስለሚወድ ነው እንዲህ ያለው። የሚወዱት ሙያ ያለ ቦታው ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያየው ከምሳ በኋላ ነው።

ቤት ገብቶ አሮጌውን ሰርቨር አጠፋ። ክዳኑን ፈታ፤ ብሎኖቹን ሶፋው ክንድ ላይ በተራ ደረደረ። ዲስኮቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸው ላይ የራሱ እጅ ጽሑፍ፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4። ሁለት ቁጥርን አውጥቶ በምትኩ አዲሱን አስገባ። ማሽኑ ሲነሣ አንድ ዲስክ መጉደሉን ተናግሮ፣ በአዲሱ ይተካ እንደሆነ ጠየቀ። ጋሽ ሽቦ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ሳያነብ «ታዲያስ!» ብሎ አዎን ተጫነ። ያወጣውን ዲስክ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «እንኳን ለጡረታ አበቃህ፣ ወንድሜ» አለው።

ማሽኑ የጎደለውን መሙላት ጀመረ። አምስት በመቶ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ። ጋሽ ሽቦ ምሳውን በልቶ፣ እያፏጨ ተመልሶ ተቀመጠ። ሠላሳ አንድ በመቶ ላይ ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ ጣቱን የሚያንቋቋ ሰው እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ይመስል። ፉጨቱ ቆመ። ድምፁም ቆመ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ዲስክ 2 አይመልስም። ማከማቻው ቆሟል።»

«ዲስክ ሁለት?» አለ ጮክ ብሎ። «ዲስክ ሁለትማ ይኸው ጠረጴዛው ላይ!»

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ልጆቹ እየጠየቁኝ ነው። ደረሰ ልበላቸው?»

«አልጋ በአልጋ ነው» አለ ጋሽ ሽቦ፣ ዐይኑ ቀዩ ጽሑፍ ላይ ተተክሎ። 

እያንዳንዱ ዲስክ ከፋብሪካ የተሰጠው መለያ ቁጥር አለው። ማሽኑ ሞተ ያለውን ዲስክ መለያ ከስክሪኑ ላይ በወረቀት ገለበጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አንሥቶ መነጽሩን አደረገ። ቁጥሮቹ አይገናኙም። መነጽሩን ወልውሎ ደግሞ አየ። አይገናኙም። የዲስኮቹን ዝርዝር ከፈተ፤ እዚያ ላይ በተራ ተጽፈዋል፦ ዲስክ 0፣ ዲስክ 1፣ ዲስክ 2፣ ዲስክ 3።

በስልክ ሥራ ዜሮ የሚባል መስመር የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያው አንድ ነበር። ማሽኑ ግን ከዜሮ ይጀምራል፤ የእሱ ሁለት ለማሽኑ አንድ ነው። ጤነኛውን ነቅሎ በሽተኛውን ትቶታል። በሽተኛው ደግሞ የጓደኛውን ሸክም ጭምር ሲጎትት ወድቆ ሞተ። ሁለት ዲስክ ጎደለ ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት። ጋሽ ሽቦን ላብ አጠመቀው። ሌላ ማንም ሰው መጻሕፍቱን እንደገና ሊያነብ ይችል ይሆናል፤ ያንን ድምፅ ግን ከየትም አያመጣውም።

ሚስቱን ከመኝታ ቤት ያስወጣት የእሱ ዝምታ ነው። እየሠራ ዝም ብሎ አያውቅምና።

«ምን ሆንክ?» አለች በሹክሹክታዋ።

«ምንም። ይሄ ዲስክ… ድሮም አርጅቶ ነበር።»  ፊቷን ሲያይ ግን መዋሸት አልቻለም። «አይ። እኔ ነኝ። ጤነኛውን ነው የነቀልኩት። ድምፅሽን አጠፋሁት መሰለኝ።»

 ልትጮህበት ብትፈልግም መጮህ አትችልም።

«የነቀልከው የት አለ?» አለችው።

«ይኸው።»

«ከነቀልከው በኋላ ጥለኸዋል? ነክተኸዋል?»

«እንኳን ለጡረታ አበቃህ ነው ያልኩት እንጂ ምንም አላደረግኩትም።»

«ታዲያ ምን ቁጭ ያደርግሃል? ለኮምፒውተር መደብሯ ልጅ ደውልላት።»

የመደብሯ ባለቤት «ነግሬዎት ነበር» አላለችም፤ ጋሽ ሽቦ ለዚህ ውለታዋን አይረሳም። «ያዳምጡኝ። ከነቀሉት ወዲህ አንድም ፋይል አልተጨመረም፣ አልተሰረዘም?»

«አንድም።»

«እንግዲህ ተስፋ አለ። ማሽኑን ያጥፉ። የሞተውንም አዲሱንም ያውጡ፤ ጤነኛውን ወደ ቦታው ይመልሱ። ሲነሣ ሁለት ምርጫ ይሰጥዎታል። አንዱ ባሉት በሦስቱ በግድ አስነሣ የሚል ነው። ሌላው ሁሉንም እንደ አዲስ አዘጋጅ ይላል፤ እሱ ጠራርጎ ያጠፋል። ያንን ከተጫኑ እኔም አልደርስልዎትም። ጋሼ፣ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡ።»

ጤነኛውን ሲመልስ እንደ ዕንቁላል ነው የያዘው። ከመግፋቱ በፊት መለያ ቁጥሩን ሦስቴ አነበበ። ማሽኑ ተነሣ፣ አሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ ረዥም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ዘረገፈ። የጋሽ ሽቦን መነጽር የላብ ጭጋግ ሸፍኖታል፤ ፊደሎቹ ይዋኙበታል። እጁ ግን በልማድ ወደ ቁልፉ ሄደ።

ሚስቱ እጁን ያዘችው።

ጎኑ ቁጭ ብላ ማንበብ ጀመረች፣ በሹክሹክታ፣ እየተረጎመች፣ እንደ ድሮዋ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ ፋታ እየሰጠች። ጠቋሚው ቀድሞ ያረፈው «እንደ አዲስ አዘጋጅ» የሚለው ላይ ነበር። ዝም ብሎ ቢጫን ኖሮ አልቆ ነበር። «አንድ ወደ ታች» አለችው። ወረደ። «በግድ አስነሣ ይላል።» ፋታ። «አሁን።»

ተጫነ።  ዲስኮቹ ጉር አሉ፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ያንን ቀጭታ ጠበቁ። አልመጣም። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ሁለተኛ። ጋሽ ሽቦ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷም «ቁም ነገረኛ! ስንት ዘመን ስትቆጥር ኖረህ ዛሬ መቁጠር ጠፋህ?» ብላ ጀርባውን መታችው።

በዚያው ሰዓት ምንም ሳይጠግን ወደ አዲሱ ሰርቨር መገልበጥ ጀመረ። ተምሯል። አርብ ረፋድ ላይ ሲያልቅ ማሽኑ አንድ ፋይል አልነበብ ብሎት እንደዘለለ ተናገረ፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሥነ ሕይወት፣ ምዕራፍ ሰባት።

«የቀሩትስ ደኅና መሆናቸውን በምን እናውቃለን?» አለ ጋሽ ሽቦ። «ስም ብቻ ሆነው ውስጣቸው የተቆረጠ ቢሆንስ? እኔ የመጻሕፍቱን ይዘት አላውቅም።»

ያወቀው ከአፉ ካወጣው በኋላ ነው። የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያም ሰው ሁለት ዓመት ያንን ድምፅ ሲሸሽ የኖረ ነው።  ሚስቱ ወንበር ስባ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የመጀመሪያው ሲጀምር ዐይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ሁለተኛው ላይ ከንፈሯ አብሮ መንቀሳቀስ ጀመረ። እስከ ከሰዓት በኋላ እየዘለለች፣ መሐሉንና ጫፉን እየሰማች፣ ወረቀት ላይ ምልክት አደረገች። ሁሉም ደኅና ነበር፣ ከምዕራፍ ሰባት በቀር።

መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዳ ጋሽ ሽቦ ደረት ላይ ለጠፈችው። «ተነሥ።»

«ወዴት?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ።»

«እኔ? እኔ እኮ ከሃሎ ሃሎ በቀር ማይክ ላይ ተናግሬ አላውቅም!»

«ማን ነው የነቀለው?»

በዚህ ክርክሩ አለቀ። ልብሱን ገፍተው፣ ብርድ ልብሱን ጋርደው፣ እሱ በርጩማው ላይ፣ እሷ ከኋላው ቆማ ገቡ። ስለ ሥርና ስለ ቅጠል ያነብ ጀመር። መጀመሪያ ላይ የስልክ ቁጥር እንደሚያነብ ሰው ነበር የሚሮጠው። እሷ ከኋላ «ቀስ» ትላለች፤ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ እጇን ትከሻው ላይ ጫን ታደርጋለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጥራ ስትለቀው ይቀጥላል። ስድስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመሩ። በሰባተኛው፣ ቢሳሳትም፣ «ይበቃል፣ ጊዜ የለንም» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት መጻሕፍቱ ቤተ መጻሕፍት ደረሱ። አንድ ሙሉ ቅጂም ለብቻው እዚያው ተቀመጠ፤ ጋሽ ሽቦ በዚህ ጊዜ «እኔ እያለሁ» አላለም።

ማክሰኞ ኃላፊው ደወለ። ጋሽ ሽቦ እጁ በሥራ ተይዞ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሚስቱ እንደ ወትሮዋ ልትወጣ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ምዕራፍ ሰባትን ደግመው ደጋግመው እየሰሙ ነው።»

«ምነው፣ አልገባቸውም? በቃ፣ አነባበቤ ነው» አለ ጋሽ ሽቦ ተሸማቆ።

«ኧረ አይደለም። ከእርስዎ ኋላ «ቀስ» የሚል አለ። መጀመሪያ አንዷ ናት የሰማችው፤ ከዚያ ሁሉም ጆሯቸውን ጣሉ። መምህርታችን ናት፣ «ቀስ» ያለችው እሷ ናት፣ ፋታውም የእሷ ነው እያሉ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ትታቸው የሄደች ይመስላቸው ነበር። አሁን እዚህ ከብበውኛል፤ እውነት እሷ ናት ወይ ብለው ይጠይቁልን አሉኝ።»

ጋሽ ሽቦ ቀና አለ። ሚስቱ በሩ ላይ እጀታውን ይዛ ቆማለች።  ከስልኩ ውስጥ የብዙ ልጆች ጉርምርምታ ይሰማል።

እጀታውን ለቀቀች። መጥታ ስልኩን አነሣችና ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ሃሎ» አለች።

ጉርምርምታው ባንዴ ጸጥ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረችና ቀጠለች።