መታወቂያ አሳዩ ሲባሉ

ልጄ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቤት ሥራ ልትሠራ ስልኬን ወስዳ ጓዳ ገባች። እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር። ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ መጣችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍታ አጠገቤ ቆመች።

"እማዬ፣ የማይሆን ነገር ከፈትኩ" አለችኝ።

"ምን ከፈትሽ?"

"የክፍላችን ግሩፕ ላይ ሊንክ ተልኮ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ።"

"ለምን አዎ አልሽ?"

"አይ ካልኩ የቤት ሥራው የማይከፈት መስሎኝ።"

ስልኩን አንስቼ አየሁት። ወዲያው ዘጋሁት። አልተቆጣኋትም፤ ምን ብዬ ልቆጣት? የገጹ በር ላይ የቆመው ዘበኛ አዋቂ ነሽ ወይ ብሎ ጠይቋት፣ አዎ ስትለው ዞር ብሎ አሳልፏታል። እንዲህ ያለ ዘበኛ ለዶሮ ቤት እንኳ አይቀጠርም።

ሰኞ ለክፍል አስተማሪዋ ነገርኳት። እሷም ነገሩን አጣርታ፣ ሊንኩን የላከው ተማሪ ያገኘው አባቱ ስልክ ውስጥ እንደሆነ ደረሰችበት። የማን አባት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በሳምንቱ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ በተሰበረው መስኮት እየገባ አዳራሹን አቀዝቅዞታል። አባቶች ጋቢያቸውንና ካፖርታቸውን እንደደረቡ የፊቱን ወንበር ሞሉት። ሰብሳቢያችን የታወቁ የስንዴ ነጋዴ ናቸው፤ ንግግር ያውቃሉ። "ትውልዱ እያለቀ ነው" ብለው ጀመሩና መሀል ላይ እንባቸው መጣ። መሐረብ አወጡ። የፊት ወንበሮች በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያች ሰዓት አሰላ ውስጥ ከእነሱ የበለጠ ለልጅ የሚያዝን ፍጡር ያለ አይመስልም ነበር።

ከዚያ አንዲት ወላጅ ተነሳች፤ ሕግ የምታስተምር ወጣት ሴት ናት። በሌሎች አገሮች እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች የተጠቃሚውን ዕድሜ በትክክል እንዲያረጋግጡ የሚያስገድድ ሕግ መኖሩን አስረዳች። እኛም ጥያቄያችንን ለምክር ቤት ተወካያችን እናቅርብ አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"ቆይ ልጄ፣" አሉ ሰብሳቢው ጭብጨባው ሲበርድ፣ "ገጾቹ የገባው ልጅ መሆኑን በምን ያውቃሉ?"

"ልጁ ምንም አይጠየቅም፣ ጋሼ። አዋቂው ነው መታወቂያውን የሚያሳየው። ያላሳየ አይገባም።"

"የትኛው አዋቂ?"

"መግባት የፈለገ ሁሉ።"

ከፊት ወንበር አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ከኋላ የነበርነው እናቶች እርስ በርስ ተያየን።

መጀመሪያ የተነሳው ሰውዬ የቢሮ ኃላፊ ነው። ነገሩ ጥናት ይፈልጋል አለ። ቀጥሎ ያለው፣ የተከበረን ሰው መታወቂያ አምጣ ማለት ከባህላችን ጋር አይሄድም አለ። ሦስተኛው የግል ምስጢር ነገር ያሳስበኛል አለ፤ ይኸው ሰው ባለፈው ስብሰባ የልጆች ስልክ ቤት ለቤት ይበርበር ያለው ነው።

እኔም ተነሳሁ። "ባንክ ስንገባ መታወቂያ እናሳያለን፤ አዳማ ስንሄድ መንገድ ላይ እናሳያለን። እዚህ ያለው ሰው እዚያ ገጽ ላይ የሚያደርሰው ጉዳይ ከሌለው ማን ምን ይጠይቀዋል? መታወቂያው ከኪሱ አይወጣም።"

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ።

በመጨረሻ ውሳኔ ተላለፈ። ምን ተወሰነ? ሴት ልጆች ስልክ እንዳይዙ ወላጅ እንዲቆጣጠር፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይም "ትውልድን እንታደግ" የሚል ባነር እንዲሰቀል። ሊንኩን የላከው ወንድ ልጅ ሆኖ ስልክ የሚነጠቁት ሴቶቹ ናቸው። አባቶቹ ይህን በአንድ ድምፅ ካጸደቁ በኋላ እየተሳሳቁ ወጡ፤ ከሞት የተረፈ ሰው እንደዚያ ነው የሚስቀው።

ውጭ ባጃጅ ስንጠብቅ የሕግ መምህሯን አገኘኋት።

"የምስጢሩ ነገር እኮ እውነት ያሳስባል" አለችኝ። "ስም ሳይመዘግቡ ዕድሜን ብቻ የሚያረጋግጡበት መንገድ አለ። እሱን ላስረዳ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የጠየቀኝ የለም።"

"ለማወቅ ሳይሆን ለማምለጥ ነው ያነሱት" አልኳት።

ከሌሎች ሁለት እናቶች ጋር ሆነን ተወካያችን ዘንድ ራሳችን ሄድን። በአክብሮት ተቀብለው "በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እናየዋለን" አሉን። ይኸው እስካሁን እያዩት ነው።

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን አንድ ማታ ከልጄ ጋር አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ለእኔ ተናግራው የማታውቀውን ነገር፣ በአማርኛ ቃል ሲጠፋኝ በኦሮምኛ እየሞላሁ ነገርኳት። ያየችው ነገር ሰዎች የሚዋደዱበት መንገድ እንዳልሆነ፣ ለሽያጭ የተሠራ ነገር መሆኑን፣ እሷም ምንም እንዳላጠፋች አስረዳኋት።

"ትልልቅ ሰዎች ያን ለምን ያያሉ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"የሚያፍሩበትን ነገር ማየት የሚወዱ አሉ" አልኳት።

"ካፈሩበት ለምን አይተዉትም?"

አላውቅም አልኳት። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኛች።