የመስኮት ዋንጫ ደንብ

ፖሊሶች «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ሲሉኝ አምኜ፣ ባለቤቴን «ምሳ አቅርቢ፣ መጣሁ» ብዬ በነጠላ ጫማ ከቤት የወጣሁ ጅል ነኝ። ጢሜ ሸብቶ እንኳ አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ለምሳ ምን እንደሠራች እስካሁን አልጠየቅኳትም።

ጥፋቴ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኳት ቀልድ ናት። ማለቴ፣ ያን ያህል እንኳ አታስቅም። መርማሪው ጮክ ብሎ ሲያነባት ያፈርኩት ለዛ ነው።

የክፍሉ በር ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ በረኪና፣ የትናንት ወጥ። ሰዉ ሁሉ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፣ እግር መዘርጊያ የለማ። አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ከሥሯ ማን እንደሚተኛ የሚወሰነው በቆይታ ነው፤ አዲስ ገቢ በሩ ጋ፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ይጀምርና ሰው በተፈታ ቁጥር ወደ መስኮቱ ይጠጋል።

ከእኔ ቀጥሎ ካዛንቺስ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ሽማግሌ ገቡ። አስም አለባቸው፣ ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። መስኮቱ ሥር የሚተኛው ከሁላችንም የቆየ ጎረምሳ፣ የጂም አሠልጣኝ ነበር። በማግስቱ ፍራሹን ጠቀለለ።

«ፋዘር፣ ይምጡ እዚህ ይተኙ።»

«ተራዬ ሲደርስ፣ ልጄ።»

«ኧረ እየታፈኑ እኮ ነው!»

«በምጽዋት አየር አልስብም» አሉት። በቃ። እኛው የመረጥነው የክፍሉ ካቦ ቢለምናቸውም እምቢ።

እኔ ውጪ እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ግላይደር እንወዳደር ነበር። ሞተር የላትም፤ በእጅ ስትለቃት ተንሳፍፋ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ናት። ደንቡን የማወጣው እኔ ነኝ፤ ውርወራው ላይ ሁሌ መጨረሻ ስለምወጣ ሌላ ሥራ አልተገኘልኝም። እስር ቤትም ስንቅ የሚመጣበትን የፎም ዕቃ ክዳን ሲሚንቶ ላይ ፈግፍጌ አንድ ሠራሁ። አፍንጫዋ ላይ ለክብደት ሳሙና ለጠፍኩባት። ጠባቂው አየና «በዚህ ልታመልጥ ነው?» አለኝ። «ቦርጬን አይተህ ነው?» አልኩት። ስቆ ተወኝ።

አሠልጣኙ ጆሮዬ ሥር መጣ። «ብራዘር፣ ፋዘር ሳይባንኑ የሚያሸንፉበት ደንብ አውጣ። ሽልማቱ የእኔ ቦታ።»

አሰብኩ። ርቀት ካልኩ ጎረምሶቹ ይወስዱታል። ስለዚህ መሀል ላይ ለሚነጠፍ ፎጣ ቀርቦ ያሳረፈ ያሸንፋል፣ ልኬቱ በካቦው ስንዝር፣ ለአንድ ሰው ሁለት ውርወራ። ግላይደር ጉልበት አትወድም፣ ቀስ ብሎ ለሚለቃት ነው የምትታዘዘው። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን መስመር የሌለው ደንብ ሱሪ ያልታጠቀ ሰው ይመስለኛል፤ በልማዴ «መስመር የረገጠ ውርወራው ይሰረዛል» ብዬ ጨመርኩ። መስመሩንም በጥርስ ሳሙና አሰመርኩ።

ሽማግሌው ሰምተው፣ «አውቆ የሚሸነፍ ካለ እኔ የለሁበትም» አሉ። ሁላችንም ማልን።

አሠልጣኙ እንደ ጦር ወረወራት፤ ጣሪያ መታ ተመልሳ ራሱ ላይ ወደቀች። የእኔ ባልዲው ውስጥ ልትገባ ለጥቂት ተረፈች። ካቦው ግን፣ ሰውዬው መሸነፍ አይችልም እንዴ፣ ሁለት ስንዝር ሲቀራት አሳረፋት።

ሽማግሌው መርፌ እንደሚይዙ በሁለት ጣት ያዟት። ለቀቋት። ሄዳ ሄዳ ፎጣው መሀል ቁጭ አለች። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ።

«ይሰረዝ» አሉ። «መስመሩን ነክቻለሁ።»

«እኔ ዳኛው አላየሁም፣ ጋሼ!» አልኩ።

የእግራቸውን አውራ ጣት አነሱ። ጫፉ ላይ ነጭ የጥርስ ሳሙና።

አሠልጣኙ ጥርሱን ነክሶ፣ «ማነው መስመር አስምር ያለህ?» አለኝ።

አንድ ውርወራ ቀርቷቸዋል። ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። የደረታቸው ፉጨት እስኪበርድ ቆሙ፤ እኛም አብረን ትንፋሻችንን ያዝን። ለቀቋት። ግድግዳውን ታክካ ዞረችና ፎጣው አጠገብ አረፈች። ካቦው ተንበርክኮ መዳፉን ዘረጋ።

«አንድ ስንዝር።»

ሁሉም እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀ። ፍራሻቸውን ማንንም ሳያስነኩ ራሳቸው ተሸክመው መስኮቱ ሥር አነጠፉ።

ዛሬም ቅዳሜ ደርሶ መስመር ሳሰምር ያቺ አውራ ጣት ትታየኛለች። በቀደም ስታዲየም ጋ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ሱቃቸው ፈርሷል፣ ቂርቆስ ልጃቸው ቤት ነው ያሉት። ነገሩ ሆዴ ውስጥ ስለቆየ፣ «ጋሼ፣ ያ ደንብ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ለእኔ ብለህ እንዳወጣኸውማ ወዲያው ገብቶኛል» አሉኝ እየሳቁ። «ያቺ መስመር ባትኖር አልወረውርም ነበር። እኔንም ልትጥለኝ እንደምትችል ሳይ ነው፣ ይሄስ ደንብ ነው ያልኩት።»