የዘለልኩት ፍተሻ

ሞያሌ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ፉንዲ ነው የሚሉኝ፣ ጠጋኝ ለማለት። ሬዲዮ ሲዘጋ ፉንዲ፣ ሞባይል ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ፉንዲ፣ የሎሪ ባትሪ ሲደክም እንኳ ፉንዲ። በኬንያው በኩል ከገበያው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። መብራት ሲኖር እበይዳለሁ፤ ሲጠፋ በሩ ላይ ተቀምጬ ከሹፌሮች ጋር አወራለሁ። ሌላ ሥራ እንዳለኝ ግን ማንም አያውቅም ነበር። ለእህቴ አንዴ ላስረዳት ሞክሬ፣ ገና ግማሽ ላይ ሳልደርስ «ሻይ ልጨምርልህ?» አለችኝ። ተናድጄ ተውኩት።

ሁለተኛው ሥራዬ እንዲህ ነበር። በሬዲዮም በሞባይልም ሆድ ውስጥ ያለችው አረንጓዴ ቦርድ ከመሠራቷ በፊት በኮምፒውተር ትነደፋለች። ለዚያ የሚያገለግል አንድ ሶፍትዌር አለ፤ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች በትርፍ ሰዓታቸው የሚጽፉት። እነሱ የሚጽፉት ግን ጥሬ ኮድ ነው። አንድ ሰው ያንን ወስዶ፣ የጎደለውን አሟልቶ፣ ማንም በአንድ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ሊጭነው የሚችል ጥቅል ሊያደርገው ይገባል። ከዚያ ይፈተሻል። አብረውት ብዙ ትናንሽ ፍተሻዎች ይመጣሉ፤ ኮምፒውተሩ ተራ በተራ ያስኬዳቸውና ያለፈውን በአረንጓዴ፣ የወደቀውን በቀይ ይጽፋል። እኔ ከሚጠቀልሉትና ከሚፈትሹት አንዱ ነበርኩ።

ድርሻዬ አሮጌ ማሽን ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ወደ አዲሱ ዓይነት ኮምፒውተር ተሻግረዋል፤ በአሮጌው ላይ የምፈትሸው እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር። ናይሮቢ ስማር የገዛኋት፣ በሎሪ ላይ ከከብት ጋር ተጭና አቧራ እየጠጣች የመጣች፣ ነጭነቷ ወደ ቢጫ የዞረ ማሽን ናት። ከሞባይሌ ጋር በገመድ አገናኝቼ ኢሜይል እልካለሁ፤ ትልልቁን ፋይል ደግሞ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ በሲዲ ገልብጦ በሹፌር እጅ ይልክልኛል። ሲዲው እስኪደርስ ኮዱ ያረጃል፤ እኔም ሹፌሩን እሰድባለሁ። ቢሆንም ከእያንዳንዱ እትም ጋር የሚወጣ የስም ዝርዝር ነበር፤ እዚያ ውስጥ ስሜ አለ። እውነቱን ለመናገር ለዚያ ስም ስል ብዙ ነገር አደርግ ነበር። ፉንዲ መባል ሰልችቶኛል።

በዚያ ዓመት ሶፍትዌሩ ስክሪፕት መቀበል ጀመረ። ተጠቃሚው ጥቂት መስመር ትእዛዝ ይጽፍለታል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ያንን እያነበበ ሥራውን ራሱ ይሠራል። እኔ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። የመጀመሪያው ስክሪፕቴ አጭር ነበር። ቦርዱ ላይ ከባድ ኤሌክትሪክ የሚሄድባቸውን የመዳብ መስመሮች ቀላል ከሚሄድባቸው ለይ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካ፤ ከስድስት ሚሊሜትር ያነሰ ካገኘህ ንገረኝ ይላል። ከባዱ ወደ ቀላሉ ከተሻገረ ሰው ይገድላል። ይህንን ለማወቅ ናይሮቢ ድረስ ሄዶ መማር አያስፈልግም።

የእህቴ ባል የመጣው አዲሱ እትም ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ወደ ዳበል በሚወስደው አቅጣጫ ባለ አንድ የውኃ ጉድጓድ የፓምፕ ኦፕሬተር ነበር። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎ የሚስቅ ሰው። እኔ ቶሎ ስለምቆጣ ከእሱ ጋር መቀመጥ ያበርደኝ ነበር። በላስቲክ የተጠቀለለ የተቃጠለ ቦርድ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

«ፉንዲ፣ ይሄ ሞቷል» አለኝ። «ጉድጓዱ ውስጥ ውኃው ሲጎድል ፓምፑን የሚያቆመው ይሄ ነው። አዲስ ከናይሮቢ ይምጣ ካልን ከብቱ ያልቃል።»

«እኔ እሠራልሃለሁ። እስከ ነገ ይደርሳል።»

«ሃራካ የለውም፣ አትቸኩል። ታንከሩ ውስጥ ለአምስት ቀን የሚሆን ውኃ ሞልቼ ነው የመጣሁት። ብቻ ደህና አርገህ ሥራልኝ።»

ድርቅ ነበር፤ ግመሉም ከብቱም ከሩቅ እየመጣ የሚጠጣው ከዚያ ጉድጓድ ነው። እኔ ግን ስለ ከብቱ ብዙም አላሰብኩም። ያሰብኩት፣ አዲሱን ጥቅል በእውነተኛ ሥራ የምሞክርበት አጋጣሚ አገኘሁ ብዬ ነው። የእሱን ቦርድ በዚያው እነድፋለሁ፤ ስክሪፕቴ ይፈትሸዋል፤ አብረውኝ ለሚጠቀልሉት ጓደኞቼም «በሜዳ ላይ ሞክሬዋለሁ» ብዬ እጽፋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፍተሻዎቹን ለቀቅኳቸው። አማቼ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ጫት እየቀነጠሰ፣ የማሽኗ ስክሪን ላይ የሚወርዱትን አረንጓዴ መስመሮች ያያል። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ቀይ ብቅ አለ።

«ይሄ ቀዩ ምንድነው?»

«አንዱ ፍተሻ ወድቆ ነው።»

«ምን ሆነ?»

ነገርኩት። ለሶፍትዌሩ ሆን ተብሎ የተጠጋጉ ሁለት መስመሮች ይሰጡታል። ስክሪፕት በመካከላቸው ሰፊ ርቀት እንዲኖር ሲጠይቅ ሶፍትዌሩ ስህተት አለ ማለት አለበት። በእኔ ማሽን ላይ ዝም አለ።

«ሌሎቹ ጋስ?»

«እነሱ ጋ ያልፋል፤ ጽፈውልኛል። የእኔዋ ስለሞቀች ነው።»

ደግሜ አስኬድኩት፤ ወደቀ። አማቼ እጁን ዘርግቶ የማሽኗን ጎን ነካ።

«እውነትም ሞቃለች» አለ። «እኔ ኢንጂኑ ሲሞቅብኝ አጠፋዋለሁ። እስኪበርድ ጥላ ሥር ቁጭ እላለሁ። እንጠብቃት?»

«አያስፈልግም» አልኩት።

ሰበቤ ባዶ አልነበረም። ማሽኗ ከዚያ በፊትም ቀትር ላይ የማይረባ መልስ ሰጥታኝ ታውቃለች። ሆኖም መጠበቅ ያልፈለግሁት ለዚያ አይደለም። የእኔ ጥቅል ከቀረ እትሙ ያለ እኔ ይወጣል፤ ከእትሙ ጋር የሚወጣው ዝርዝርም እንዲሁ። በእኛ ሥራ የወደቀ ፍተሻን መዝለል ይቻላል። አንድ መስመር ትጽፋለህ፤ የፍተሻውን ስምና የዘለልክበትን ምክንያት። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፤ ሁሉም ሰው በኋላ ተመልሼ አየዋለሁ ይላል። «አሮጌ ማሽን፣ ሙቀት» ብዬ ጻፍኩና ዘለልኩት። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ጥቅሉን ላክሁ። ያኔ የተሰማኝን ደስታ ሳስታውስ አሁንም ራሴን እጠየፈዋለሁ።

ቦርዱን የነደፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ማዕዘን ላይ ቦታ ጠበበኝና ወደ ጉድጓዱ የሚወርደውን ቀላል መስመር ፓምፑን ከሚያንቀሳቅሰው የጄኔሬተር ኃይል አጠገብ አሳለፍኩት። በመካከላቸው ያለው ሁለት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። አላየሁትም ብል እዋሻለሁ፤ ዓይኔ አይቶት ነበር። ስክሪፕቴን ሳስኬደው ግን ምንም ስህተት የለም አለኝ። ራሴ የጻፍኩት፣ የምኮራበት ስክሪፕት ነው። ከዓይኔ ይልቅ እሱን አመንኩ። ንድፉን በወረቀት አትሜ፣ መዳቡ ላይ በካውያ ተኩሼ፣ በአሲድ አጥቤ፣ ቀዳዳውን በስቼ በይድኩት። ከሰዓት በኋላ አለቀ።

ሳስረክበው እያንዳንዱን ሽቦ አሳየሁት። ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ሽቦ ጫፍ ላይ ውኃውን የምትነካ ብረት አለች፤ ጨው ስለሚይዛት በየጊዜው እየሳበ ማጽዳት አለበት።

«ይሄኛው አሥራ ሁለት ቮልት ብቻ ነው» አልኩት። «በርጥብ እጅህ ብትይዘው እንኳ ምንም አያረግህም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ አልኩህ እኮ» አልኩት ቆጣ ብዬ።

ሳቀና ቦርዱን ጉያው ውስጥ አድርጎ የሚሄድ ሎሪ ላይ ወጣ።

ቦርዱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሠራ። ወደዚያ የሞባይል ኔትወርክ የለም፤ ወሬ የሚመጣው በሹፌሮች ነው። ፓምፑ ደህና ነው፣ ከብቱ እየጠጣ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቁሃል ይሉኛል። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው የለመነው ዝናብ መጣ። ሞያሌም ዘነበ፤ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ተሳሰቀ። እኔም ወጥቼ ፊቴን አስመታሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ የማውቀው ሹፌር ሱቄ በር ላይ ቆመ፤ ሰላምታ አልሰጠኝም።

«ፖሌ፣ አይዞህ ወንድሜ» አለ። «አማችህን ስቲማ ገደለው። ትላንት ጠዋት። ቀብረነዋል።»

ስቲማ በእኛ በኩል ኤሌክትሪክ ማለት ነው። እንዴት ብዬ ጠየቅሁት። ሽቦውን ሊያጸዳ እየሳበ ነበር፣ መሬቱም ርጥብ ነበር አለኝ። የትኛውን ሽቦ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ለቅሶ ስደርስ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እህቴ አልነበረም። ወደ ፓምፑ ቤት ነው የሄድኩት። የቦርዱን ሳጥን ከፈትኩ። አቧራው በእርጥበቱ ጭቃ ሆኖ ቦርዱ ላይ ተለጥፏል፤ በዚያች ማዕዘን ላይ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የተሻገረ ጥቁር ቃጠሎ አለ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። የአላህ ውሳኔ ነው፣ ጄኔሬተሩ ያረጀ ነው፣ አንተ የቻልከውን አድርገሃል አሉኝ። ቦርዱን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩና አዎ አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ሰው እየመጣ ያጽናናኛል፤ እኔም እጽናናለሁ።

ሱቄ ስመለስ ማሽኗን ሌሊቱን ሙሉ ጠፍታ አሳደርኳት። በማለዳ ገና አየሩ ቀዝቃዛ ሳለ ያንን ፍተሻ ብቻ አስኬድኩት። ወደቀ። ከሙቀት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ለጓደኞቼ ጻፍኩላቸው፤ አንዱ በዚያው ቀን መልስ ላከ። ሶፍትዌሩ ርቀት ሲያወዳድር ቁጥሩን በራሱ ያባዛዋል። በአሮጌ ማሽን ላይ ብዜቱ ከመጠን ሲያልፍ ሞልቶ ይፈስና ከዜሮ በታች ይገባል። ከዜሮ በታች ከሆነ ርቀት ደግሞ ማንኛውም ርቀት ይበልጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ደህና ነው ይላል። ጠባብ ርቀት ሲጠየቅ በትክክል ይሠራል፤ ሰፊ ሲጠየቅ ዝም ይላል። በአራት መስመር አስተካክሎታል። «ጥሩ አድርገህ ያዝከው፣ ባንተ ማሽን ባይሆን አናገኘውም ነበር» ብሎ አመሰገነኝ። ለእሱም ምንም አልነገርኩትም።

ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም፤ በትንሽ በትልቁ ሰው እዘልፍ ነበር። እህቴ የባሏን ሐዘን ሳትጨርስ ወደ እሷ ሄድኩ። ቤቷ በር ላይ ጄሪካን ገልብጣ ተቀምጣ ነበር። ቦርዱን አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። በዚህ ጊዜ አላቋረጠችኝም። ቀዩን መስመር፣ የጻፍኩትን ሰበብ፣ እንጠብቃት ማለቱን፣ አያስፈልግም ማለቴን፣ በርጥብ እጅህ ያዘው ማለቴን። ስጨርስ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እንድትጮህብኝም ፈልጌ ነበር።

«ያን የዘለልከውን ነገር ብታየው ኖሮ» አለች፤ «ስንት ጊዜ ይፈጅብህ ነበር?»

«አንድ ቀን። ቢበዛ ሁለት።»

ቦርዱን ከጭኔ ላይ አንስታ ገለበጠችው።

«ያን ጊዜ አንተ ጋ ሳለ በሹፌር መልእክት ልኮብኝ ነበር» አለች። «ሥራው አምስት ቀን ድረስ ሊወስድ ይችላል፣ አትጠብቂኝ ብሎ። ከዚያ በማግስቱ ከተፍ አለ። ያ ረቢ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ለእኔ ብሎ ነው ቶሎ የለቀቀው አልኩ። ያን የግመል ወተት የላኩልህ ለዚያ ነው።»

ወተቱ ትዝ አለኝ። በሹፌር እጅ ነበር የመጣው። ለምን እንደላከችልኝ ሳልጠይቅ፣ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጠጥቼ ጨርሼዋለሁ።