በክርስትና ስም የተመዘገቡት

አገርነሽን ቀበና ውስጥ በደግ የሚያነሳት ሰው አልነበረም። «ኮንዶም አዳይዋ» ነበር የሚሏት። ስታልፍ አንዷ ደጇ ላይ ቆማ እንትፍ ትላለች፣ ሌላዋ ሴት ልጇን እጇን ጎትታ ታስገባለች። አገርነሽም ብትሆን ምላሷ የዋዛ አይደለም። «ልጅሽን ከእኔ ከምትደብቂ ከባልሽ ወንድም ደብቂያት!» ብላ አንዷን አፏን አስይዛታለች። ከዚያማ ጭራሽ ጠመዷት።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው፣ አንድ ድርጅት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አሠልጥኖ፣ ቦርሳና መዝገብ አስይዞ የሥነ ተዋልዶ ጤና ወኪል ያደረጋት። ክኒን ትሰጣለች፣ ኮንዶም ትሰጣለች፣ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች፣ ትመክራለች። ጧት ጧት በእንጦጦ ዳገት ወጥታ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን የሰፈሯን ሴት ልጆች መንገድ ላይ ትጠብቃቸዋለች። ጫካው ውስጥ ምን እንደሚደርስባቸው የሚጠይቃቸው ሌላ ሰው አልነበረም። የአገርነሽ ታናሽ እህት በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ጓዳ ውስጥ በሽቦ ስታስወርድ ደሟ ፈሶ ነው የሞተችው። በሕይወት ሳለች አንድ ቃል የመከራት የለም፤ ለቅሶዋ ላይ ግን ሰፈሩ ግጥም ብሎ መጣ። አገርነሽ ይህን ለአንድም ቀን አልረሳችላቸውም።

ጣጣው መዝገቡ ነው። ድርጅቱ ስም ካልተጻፈ አይሆንም ይላል፤ ልጆቹ ደግሞ ስማችን ከሚጻፍ ብንሞት ይሻለናል ይላሉ። አገርነሽ ብታስብ ብታስብ አንድ መላ መጣላት፤ በክርስትና ስማቸው ጻፈቻቸው። ወለተ ሰንበት፣ አመተ ሥላሴ፣ ወለተ ኪዳን። በሰማንያ ቀን የወጣን ስም ከእናት በቀር ማን ያስታውሰዋል? አባትማ የት አባቱ ያውቀዋል! በብልጠቷ ለብቻዋ ሳቀች።

የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ኃይለ መስቀል ግን አልተኛላትም። «ልጆቻችንን እያባለገች ነው፤ ወይ መዝገቧን ታምጣና የማን የማን ልጆች እንደሆኑ እንወቅ፣ ወይ ከእድሩ ትሰረዝ!» ብሎ አስወሰነባት። ይህ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እናቷ እማማ የሺመቤት አልጋ ላይ ከዋሉ ስድስት ወራቸው ነው፤ ዛሬ ነገ ነው የሚባሉት። እድሩ ሲመሠረት የነበሩ፣ ከሰው ለቅሶ አንድ ቀን ቀርተው የማያውቁ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ጡሩምባ ተነፍቶልኝ፣ ድንኳን ተጥሎልኝ በወግ ልቀበር፣ ሌላ ምንም አልፈልግ» ይሏታል ጧትና ማታ።

እሑድ ወንዶቹ ተሰብስበው ሳለ አገርነሽ መዝገቡን ይዛ ገባችና ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው። «እንካችሁ! አንብቡና ይውጣላችሁ!»

አቶ ኃይለ መስቀል ገለጠ። «ወለተ ሰንበት፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት፣ ክኒን… ማን ናት ይህቺ? የማን ልጅ ናት?»

የወለተ ሰንበት አባት እዚያው ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጺሙን ያካል። አገርነሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

አቶ ኃይለ መስቀል ግን ፊቱን ወደ መምሬ ዘመንፈስቅዱስ አዞረ። የሰፈሩ ሁሉ የንስሐ አባት ናቸው። «መምሬ፣ እርስዎ እንኳ ሁሉንም በክርስትና ስማቸው ነው የሚያውቋቸው። እስቲ ያንብቡልን።»

ወይ አለመታደል! ሌላውን ሁሉ አስባ የንስሐ አባትን ረሳች። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ስም እየጠሩ ሲጸልዩላቸው የኖሩት እሳቸው አይደሉም? ሠላሳ አንድ ልጆች! ስንቷ ትገረፋለች፣ ስንቷ ከቤት ትባረራለች፣ ስንቷስ ተመልሳ ወደ ሽቦው ትሄዳለች!

መምሬ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። «በጥምቀት የተሰጠ ስም በኮንዶም መዝገብ! እግዚአብሔር ይይልሽ!» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ዘላ መዝገቡን መነተፈችና ደረቷ ላይ አጣበቀችው።

«አምጪ!» አለ አቶ ኃይለ መስቀል።

«አልሰጥም።»

«እናትሽ ያለ እድር ይቀበራሉ፤ ታውቂዋለሽ?»

የእናቷ ፊት ድቅን አለባት። «ሰርዙኝ!» ብላ ጮኸች። «ሰርዙኝ፣ እሳት ይብላችሁ!»

በቀጥታ ወደ ቀበና ወንዝ ወረደችና መዝገቡን ገጽ በገጽ ቦጫጭቃ ጣለችው። ድርጅቱም መዝገብ የሌላት ወኪል አያስፈልገኝም ብሎ አሰናበታት።

እማማ የሺመቤት በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ። ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተጣለም። ባለሱቁ ጎረቤቷ ከድር አግዳሚ አምጥቶ፣ ሦስት ወዳጆቹን ጠርቶ ሬሳ ሊሸከም ቆመ። ሰፈሩ ከየደጃፉ ሆኖ ያያል።

አስከሬኑ ሊወጣ ሲል መዝገቡ ላይ ከነበሩት ልጆች መጡ። ዐሥር ይሆናሉ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ናዝሬት የምትባለው ከፊት ሆና እያለቀሰች። ከእህቷ ለቅሶ ወዲህ ደጇ ላይ ያለቀሰላት ሰው አልነበረም፤ አገርነሽ ሮጣ ልታቅፋቸው ቃጣት። ቀና ስትል ግን እናቶቻቸው ከየበራቸው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ዛሬ ለአገርነሽ ያለቀሰች ልጅ፣ ማታ ቤቷ «ከየት ታውቂያታለሽ?» ትባላለች።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» ብላ ጮኸችባቸው። «ንፍሮ የቀቀልኩ መሰላችሁ? ሆዳሞች!»

«እትዬ አገርነሽ፣ እኛ እኮ…» አለች ናዝሬት።

«ማን ነሽ አንቺ? የት አውቅሽና ነው! ጥፊ ከደጄ!» ድንጋይ አነሳች።

ልጆቹ ደንግጠው ተበተኑ።

«የእናቷ ሬሳ አጠገብ ቆማ የሰው ልጅ ትሰድባለች! አፈር ያስበላትና!» አለች የናዝሬት እናት ከበሯ።

ከዚያ ወዲህ ናዝሬት መንገድ ላይ አገርነሽን ካየች ፊቷን ታዞራለች። እናቷም «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ትላታለች።